የመቻቻል ወሰን፤ ከነጋሢ ፈቃድ ወደ ዜጋ መብት

«መቻቻል» የሚለው ቃል «ቻለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ቻለ ማለት በአንድ በኩል አቅም አገኘ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ሸክሙን ተሸከመ፣ መከራውን ታገሠ ማለት ነው። የቃሉ አረባብ የእርስ በርስነትን ስለሚያመለክት አንዱ ሌላውን እንደሚችል፣ ሌላውም በበኩሉ እንደሚችለው ያስረዳል። የኢትዮጵያ ታሪክ ሲመረመር ግን ቃሉ የሚለውና በተግባር የተፈጸመው ሁልጊዜ አንድ ሆኖ አይገኝም። ብዙውን ጊዜ ቻይ የተባለው ወገን ለመከልከል ሥልጣን እያለው ያልከለከለው ነው። ሌላው ወገን የኖረው በዚያ ባልከለከለው ወገን ፈቃድ ሥር ነው። ፈቃድ ደግሞ በባሕርዩ ሰጪው በፈለገ ጊዜ የሚያጥፈው ነገር ነው።

ስለ መቻቻል ወሰን ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው «ምን ድረስ መቻል ይገባል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእርሱ የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ወሰኑን የሚያበጀው ማን ነው? የሚበጀውስ በሰው ድርጊት ላይ ነው ወይስ በሰው ማንነት ላይ? የኢትዮጵያ የሃይማኖት ታሪክ ለሁለቱም ጥያቄዎች በቂ ምስክር አለው። ሕግን ሙያው ላደረገ ሰው ደግሞ ይህ ምስክርነት ያለፈውን ለማወቅ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በእጁ ያለውን ድንጋጌ በትክክል ለመተርጐምም ይጠቅመዋል።

የነጃሺ ችሎት

በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ ስደት የበረታባቸው የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። በመጀመሪያ ከመጡት መካከል ዑስማን ቢን አፋንና ባለቤታቸው ሩቅያ ይገኙበታል። ዘግይተው ከመጡት ውስጥ ደግሞ ጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ ነበሩ። የቁረይሽ አለቆችም እጅ መንሻ ያስያዙ መልእክተኞች ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ነጃሺ ግን የተከሰሱትን ሳይሰማ አሳልፎ መስጠትን እምቢ አለ፤ ስደተኞቹን አስጠርቶ የጃዕፈርን ቃል አደመጠ፤ ከዚያም እጅ መንሻውን መልሶ ስደተኞቹ በአገሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ።

ይህ ታሪክ በመቻቻል ላይ በሚደረጉ ንግግሮች ሁሉ ስለሚነሣ ውስጡ ሳይመረመር የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ትልቁ ቁም ነገር ያለው በሥነ ሥርዓቱ ላይ ነው። ንጉሡ የፈረደው የተከሳሹን መልስ ከሰማ በኋላ ነው፤ የመረመረውም ሰዎቹ ምን እንደሆኑ ሳይሆን ምን እንደሠሩ ነው። ይሁን እንጂ ያ መልካም ፍርድ የቆመው በአንድ ንጉሥ ኅሊና ላይ ነበረ። የስደተኞቹ ዋስትና የነጃሺ ፍትሐዊነት እንጂ ከእርሱ በኋላ የሚነግሠውን ሁሉ የሚያስር ሕግ አልነበረም። የመቻቻል ደግነትም ድካምም ገና ከመነሻው በአንድነት የሚታዩት በዚህ ነው።

ከፍሬሞና እስከ ጎንደር

ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ ሌላ እንግዳ ሃይማኖት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1557 አንድሬ ዴ ኦቪዬዶ የሚባሉት ጳጳስና ጓደኞቻቸው የሆኑ ኢየሱሳውያን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ዐፄ ገላውዴዎስ ሃይማኖታቸውን አልለውጥም ቢሉም እንግዶቹን አላባረሩም፤ የራሳቸውን እምነት በጽሑፍ በመግለጽ በክርክር መለሱላቸው። በተከታዩ በዐፄ ሚናስ ዘመን ኢየሱሳውያኑ ችግር ቢደርስባቸውም በትግራይ በፍሬሞና ተወስነው ለብዙ ዓመታት ኖሩ። በእነዚህ ዓመታት በማንም ላይ ለማዘዝ አቅም ስላልነበራቸው አገሩ ቻላቸው።

ነገሩ የተለወጠው ሃይማኖቱ ከቤተ መንግሥት ሥልጣን ጋር በተጣመረ ጊዜ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ ገለጹ። ትዕግሥተኛና ብልህ የነበሩት ፔድሮ ፓኤዝ በዚያው ዓመት ሞቱ። በእርሳቸው እግር እ.ኤ.አ. በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ግን ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበት እንዲቀሩ አስገደዱ። ከዚህም የተነሣ አገሩ በዐመፅ ተናወጠ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1632 በወይና ደጋ የተደረገው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ዐፄ ሱስንዮስ ድል ቢያደርጉም የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ።

እዚህ ላይ የመቻቻል ትክክለኛ ወሰን የቱ እንደሆነ ይታያል። ኢየሱሳውያን በፍሬሞና ሲጸልዩ ማንም አልተጎዳም፤ በመንግሥት ክንድ የሌላውን መሠዊያ ሲያፈርሱ ግን የሚቻል ነገር አልቀረም። ሌላውን የሚያስገድድ ኃይል «ቻሉኝ» ሊል አይችልም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትን ሳይሆን መገዛትን ነውና። ፋሲለደስ ወሰን ማበጀታቸው ስለዚህ በታሪክ ፊት ምክንያት አለው።

ጥፋቱ የመጣው በኋላ ነው። በድርጊት ላይ የተበጀው ወሰን ጥቂት ቆይቶ በማንነት ላይ ዞረ። የፋሲለደስ ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር ባስደረጉት ጉባኤ ከፖርቱጋሎች የተወለዱት ፍራንኮች ወይ ወደ ተዋሕዶ እንዲገቡ ወይ አገር እንዲለቁ ተወሰነ። ሙስሊሞችና በወቅቱ ፈላሻ ይባሉ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ከክርስቲያኖች ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ታዘዘ፤ ይኸው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1678 ተደገመ። ሜንዴዝ ባጠፉት ጥፋት ሙስሊሙ ነጋዴና ቤተ እስራኤላዊው አንጥረኛ ምንም ድርሻ አልነበራቸውም። ፍርሃት ግን አንድ ጊዜ ከተነሣ ጥፋተኛውን ካልጠፋው አይለይም።

ከዚህም የከፋው የርስት ጉዳይ ነው። ለቤተ እስራኤላውያን ርስት መነፈግ ምክንያት ተብሎ በትውፊት የሚነገረው በ15ኛው ምእተ ዓመት የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የአባቱን ርስት የሚወርሰው የተጠመቀ ብቻ ነው ብለው መወሰናቸው ነው። በጎንደርና በዙሪያዋ የነበሩ ሙስሊሞችም ርስት አልነበራቸውም። ስለዚህ አንዱ ወደ ንግድና ወደ ሽመና፣ ሌላው ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ አዘነበለ። ነጋድራስነቱ ሳይቀር በሙስሊም እጅ የሚሆንበት ጊዜ ነበረ፤ የቤተ እስራኤል ግንበኞችም በጎንደር ሕንፃዎች ላይ ሠርተዋል። አገሩ እጃቸውን ፈለገ፤ መሬቱን ግን ነፈጋቸው። በዚያ ዘመን ኑሮም ሹመትም ወግም ከመሬት የሚመነጭ ስለነበረ ርስት የሌለው ሰው ቢቻልም እንግዳ ሆኖ ይኖር ነበር እንጂ ባለ አገር አይባልም ነበር።

ቦሩ ሜዳ

በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ራብዓዊ ንጉሥ ምኒልክን ይዘው በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በመጀመሪያ የተመለከተው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሃይማኖት ክርክር ነበር፤ የሦስት ልደት ትምህርት ተወግዞ የተዋሕዶ ትምህርት ጸና። ከዚያ ቀጥሎ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ለሕዝቡ የሦስት ዓመት ጊዜ ተወሰነለት። የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ።

የዐፄ ዮሐንስን አሳብ ያለ ዘመኑ መመዘን ተገቢ አይደለም። ግብፅ በ1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ ቀጥሎም በጉራዕ የወረራ ጦር አሰልፋ በሁለቱም ስፍራ ተሸንፋለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም የአገር አንድነት የሚጸናው በአንድ ሃይማኖት ነው ብለው አመኑ። ሆኖም ውጤቱ ያሰቡት አልሆነም። በወሎ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ለዐመፅ ተነሡ፤ ብዙ ሰዎች አገራቸውን ለቀው ተሰደዱ። ከተጠመቁትም ብዙዎቹ ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። መንግሥት አንድነትን ሲፈልግ ሁለት ፊት ያለው ሰው አበጀ፤ በዐዋጅ የተገኘ እምነት ከዐዋጁ ዕድሜ አላለፈምና።

ይህ ታሪክ አንድ ትውልድ ቆይቶ በቤተ መንግሥት ውስጥ እንደገና ብቅ አለ። የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ፣ የዳግማዊ ምኒልክ አልጋ ወራሽ፣ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ዋና ክስ ሃይማኖት መለወጥ ነበር። ክሱን ከኋላ ይገፉት የነበሩ የፖለቲካ ምክንያቶች ብዙ እንደነበሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። ነገር ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በአደባባይ ለመናገር የሚበቃና መኳንንቱን ከመሐላቸው ለመፍታት የሚያስችል ሆኖ የተገኘው የሃይማኖቱ ክስ ነው። ለሙስሊሙ ሕዝብ መቅረብ ብቻውን አልጋ የሚያሳጣ ጥርጣሬ ከሆነ፣ ያ ሕዝብ በመንግሥቱ ዘንድ ምን ቦታ እንደነበረው ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ግማሽ መንገድ

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አዲስ ቋንቋ ይዞ መጣ። አንቀጽ 37 የሕግን እኩል ጥበቃ፣ አንቀጽ 38 ደግሞ በዜግነት መብት ረገድ ልዩነት አለመኖሩን ደነገገ። አንቀጽ 40 የማንም ሃይማኖት ሥርዓት በሕግ መሠረት ሲፈጸም ጣልቃ እንዳይገባበት ከለከለ፤ ሥርዓቱ ለፖለቲካ ዓላማ እንዳይውልና ጸጥታንና መልካም ጠባይን እንዳይጎዳ የሚል ወሰንም አደረገበት። አንቀጽ 126 በበኩሉ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አደረገ። ስለዚህ በአንድ ሰነድ ውስጥ እኩልነትና ቀዳሚነት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

የአንቀጽ 40 ወሰን መልካም ቢመስልም መስፈሪያ አልነበረውም። «የፖለቲካ ዓላማ» ወይም «ጸጥታ» ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው ባለሥልጣኑ ራሱ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የሙሉ ወንጌል ምእመናን በማኅበርነት ለመመዝገብ ያቀረቡት ማመልከቻ ተቀባይነት አጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መሰብሰቢያዎቻቸው ተዘግተው ብዙዎቹ ታሰሩ። ሕገ መንግሥቱ ያልከለከለው አምልኮ በመዝገብ ቤት በር ላይ ቀረ።

ለሕግ ሰዎች ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ታሪክ ነው። እነዚህ ፍርድ ቤቶች በ1936 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 62 በሕግ ተቋቋሙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩትን የቀድሞ ልማዶችና ሕግጋት ሻረ፤ ለሙስሊሞች ጋብቻና ውርስም የተለየ ቦታ አልሰጠም። ይሁንና ፍርድ ቤቶቹ አልተዘጉም፤ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ፍርዳቸውም ይፈጸም ነበር። በጽሑፍ ሲታዩ መሠረታቸው የጠፋ፣ በተግባር ሲታዩ ግን የቆሙ ሆኑ። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ፣ ዐዋጅ ቁጥር 188 የፌደራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ላይ መሥርቶ እስኪያጸና፣ የኖሩት በዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ ከፈቃድ ሁሉ የላላው ነው፤ ሰጪው የሰጠበትን ቃል እንኳ አልተናገረምና።

የሚያዝያ 12 ሰልፍ

«ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው አባባል በዚያ ዘመን በሰፊው ይነገር ነበር። አባባሉ መልካም ነው። ነገር ግን አገር የጋራ ከሆነ የአገሩ መሬት፣ የአገሩ ሹመት፣ የአገሩ የበዓል ቀን መቁጠሪያም የጋራ መሆን ነበረባቸው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ታላቅ ሰልፍ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ሙስሊሞቹ ብቻቸውን አልወጡም፤ ብዙ ክርስቲያኖች፣ በተለይም ተማሪዎች አብረዋቸው ተሰለፉ። የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ እንዲከበሩ፣ ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ የመሬትና የመንግሥት ሥራ መብት እኩል እንዲሆን ጠየቁ። ከጥያቄዎቹ ሁሉ አጭሩና ጥልቁ የስም ጥያቄ ነበር፤ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። የመጀመሪያው አጠራር የተቻለ እንግዳን፣ ሁለተኛው ባለ አገርን ይጠራል።

ከዓመት በኋላ የሦስቱ የእስልምና በዓላት ቀን በ1967 ዓ.ም. በሕግ ታወቀ። በዚያው ዓመት የካቲት 25 ቀን የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ለማረስ የሚፈልግ ሁሉ ያለ ልዩነት መሬት እንዲያገኝ ሲደነግግ ሃይማኖትን ከርስት ጋር ያሠረው የዘመናት ሰንሰለት ተበጠሰ። ለቤተ እስራኤላውያን ግን ዘግይቶ የመጣ ነበር፤ ብዙዎቹ በ1970ዎቹ አጋማሽ በሱዳን በኩል ተጓዙ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14,000 የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ሆኖም ደርግ ለሁሉ እኩልነትን ሲያውጅ የፈቃድን ሥርዓት አላፈረሰም፤ ፈቃጁን ብቻ ለወጠ። የቀድሞዋ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከመንገድ ተጠልፈው ተወሰዱ። ሁለቱም ያለ ፍርድ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በ1979 ዓ.ም. በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 46 የሃይማኖትን ነፃነት ቢያውጅም የአገርና የአብዮት ጥቅም የሚል ወሰን አኖረበት። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የተቀዳሚነት ስፍራ የነበራት ቤተ ክርስቲያን በሃያ ዓመት ውስጥ በሌላው ፈቃድ የምትኖር ሆነች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለብዙኃኑም ለጥቂቶቹም አንድ ነው። የፈቃድ ሥርዓት ዛሬ ፈቃጅ የሆነውን ወገን ለዘለዓለም ፈቃጅ አድርጎ አያኖርም። ዛሬ ለጎረቤቱ መብት የማይቆም ሰው ነገ የራሱን በልመና እንዲጠይቅ ይገደዳል።

የጎረቤትና የመንግሥት መቻቻል

ይህ ሁሉ ሲባል መቻቻል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በወሎ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም ዘመዳሞች ይኖራሉ፤ ሠርግ የደገሰ ሰው ለሁለቱም ወገን እርድ ለየብቻ አሳርዶ ሁሉንም በአንድ ዳስ ያስተናግዳል። በሐዘን ጊዜ እድርተኛው ሟቹ ወደ መስጊድ ወይስ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሳይመርጥ አስከሬን ይሸኛል። እዚህ ላይ ቃሉ እንደ አረባቡ እውነተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ተራ በተራ ቻይ ነው፤ ከሌላው በላይ ሆኖ የሚፈቅድ የለም።

ነገር ግን የጎረቤት መቻቻል የመንግሥትን ፍትሕ ሊተካ አይችልም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለአጠገብ በሚገኙበትና ወሰኑ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር በነበረ የመቃብር ስፍራ የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም በተነሣ ጥቃት ሰዎች ሞቱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። በጎንደር ክርክሩ የተነሣው በእምነት አንቀጽ ላይ ሳይሆን በመሬት ወሰን ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ክርክር በጊዜው በዳኛ ቢቆረጥ ሊበርድ የሚችል ነበር። በጎንደር ባጠፉት ሰዎች ምክንያት በወራቤ ያለ ምእመን ሲቀጣ ደግሞ የ1668ቱ ስሕተት፣ ማለትም የድርጊትን ዕዳ በማንነት ላይ መጫን፣ በመንጋ እጅ ተደገመ። ለዘመናት በጉርብትና የተጠራቀመ ትዕግሥት ያልተፈታ ክርክር ሲጫነው ስንት ቀን እንደሚቆይ እነዚያ ቀናት አሳይተዋል።

የዳኛው ድርሻ

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ። በአንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን የመያዝና የመግለጽ ነፃነትን የማንም ስጦታ ያልሆነ መብት አድርጎ አጸና። ወሰኑም ተነግሯል፤ እምነትን የመግለጽ መብት ሊገደብ የሚችለው የሕዝብን ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የሕዝብን ሞራል፣ የሌሎችን መሠረታዊ መብትና የመንግሥትን ከሃይማኖት ነፃ መሆን ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ብቻ ነው። እንደ 1948ቱና እንደ 1979ኙ ሁሉ ይህም ሰፊ ቃላት አሉት፤ «ሰላም» እና «ሞራል» እንደ ተርጓሚው ይጠባሉ፣ ይሰፋሉም። ልዩነቱ ያለው «ብቻ» በምትለው ቃል ላይ ነው፤ ከልካዩ ምክንያቱን በሕግ እንዲያሳይ ታስገድደዋለችና።

ያቺን ቃል በሕይወት የሚያኖራት ግን ወረቀት አይደለም። አንድ ክልከላ ሲመጣ ዳኛውና ጠበቃው ከታሪክ ተምረው ሊጠይቁ የሚገባቸው አለ። የተከለከለው ሌላውን የሚጎዳ ድርጊት ነው ወይስ የአንድ ወገን ሰው መሆን? ክልከላው አስቀድሞ በሕግ ተነግሯል ወይስ ሹሙ ዛሬ ያበጀው ነው? ለብዙኃኑ ቢሆን ኖሮስ ይከለከል ነበርን? ለእነዚህ መልስ ያላገኘ ወሰን በስሙ ሕግ ቢባልም የቆመው በሰው ፈቃድ ላይ ነው።

መቻቻል ለጎረቤት ምግባር ነው፤ ሲኖር ኑሮን ያጣፍጣል፤ ሲጎድል በምክርና በሽምግልና ይጠገናል። መንግሥት ግን ዜጎቹን እንዲችል አልተሾመም። የተሾመው እኩል አድርጎ እንዲዳኛቸው ነው።